ከሹፌር ዓይን የሚሰወሩ ቦታዎች፦ በጎጃም መንገዶች ላይ ለሚያሽከረክሩ፣ ብስክሌት ለሚነዱና በእግር ለሚሄዱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከትራፊክ አደጋ በኋላ በብዛት የሚሰማው ቃል «አላየሁትም» የሚለው ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የተናገረው ሰው አልዋሸም። ሆኖም ሹፌሩ ያላየው ቦታ መኪናው ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ጀምሮ አብሮት የኖረ፣ በሜትር ሊለካና አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ቦታ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ባሉት ከተሞችና መንገዶች ላይ ሹፌሮች፣ ብስክሌተኞችና እግረኞች በየዕለቱ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከዚህ በታች ተመልሰዋል።

ከሹፌር ዓይን የሚሰወር ቦታ የሚባለው ምንድን ነው?

ሹፌሩ ወንበሩ ላይ በአግባቡ ተቀምጦ በፊት መስታወቱ፣ በጎን መስኮቶቹና በስፖኪዮዎቹ እየተመለከተ እንኳ ሊያየው የማይችለው፣ በተሽከርካሪው ዙሪያ ያለ ቦታ ሁሉ ነው። ዕይታውን የሚጋርዱት የመኪናው በር፣ ኮፈን፣ ካሶኒ (የዕቃ መጫኛው ሳጥን)፣ የፊት መስታወቱን ግራና ቀኝ ደግፈው የያዙት ቋሚዎች ወይም የተጫነው ዕቃ ስለሆኑ፣ የዓይን ጤንነትም ሆነ የብዙ ዘመን ልምድ ቦታውን አያጠፋውም። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰውና ትናንት መንጃ ፈቃድ የተቀበለ ሰው በአንድ ወንበር ላይ ተራ በተራ ቢቀመጡ የሚጋረድባቸው ቦታ ያው ነው፤ የሚለያዩት ቦታው የት እንዳለ በማወቃቸውና ከመንቀሳቀሳቸው በፊት በመፈተሻቸው ነው።

ትልቁ ስውር ቦታ በየትኛው ወገን ነው?

በጭነት መኪናና በአውቶቡስ ላይ በቀኝ በኩል ነው። በአገራችን የሚነዳው የመንገዱን ቀኝ ይዞ፣ ሹፌሩ የሚቀመጠውም በግራ በመሆኑ፣ የግራውን በር ጎንበስ ብሎ ሊያየው ሲችል የቀኙ በር ግን ከጋቢናው ሙሉ ስፋት ማዶ ይቀራል። እግረኛው፣ ብስክሌተኛው፣ ባለ ጋሪው፣ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ባጃጅና ከብት የሚነዳው ልጅ የሚገኙት ደግሞ በዚያው በቀኙ የመንገድ ዳር ነው። አደጋውን የሚያከብደው ይህ መገጣጠም ነው።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የአንድ ከባድ መኪና ሹፌር ዓይን ከመሬት 2.5 ሜትር ከፍ ያለ ነው እንበል፤ የቀኙ መስኮት የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 1.9 ሜትር፣ ከሹፌሩ ዓይን እስከ መስኮቱ ያለው አግድም ርቀት ደግሞ 1.8 ሜትር ይሁን። ዕይታው በየ1.8 ሜትሩ 0.6 ሜትር ዝቅ እያለ ስለሚሄድ መሬቱን የሚነካው ከበሩ 5.7 ሜትር ርቆ ነው። ቁመቱ 1.2 ሜትር የሆነ ተማሪ ከበሩ እስከ ሁለት ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ከቆመ፣ ከራሱ እስከ እግሩ ድረስ በመስኮቱ በኩል አይታይም። ብስክሌት ላይ የተቀመጠ አዋቂ፣ ራሱ ከመሬት 1.6 ሜትር ላይ ቢሆን፣ ከበሩ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀርብ ሙሉ በሙሉ ይሰወራል፤ ብዙ ብስክሌተኞች የቆመ መኪና ጎን ተጠግተው መንገድ እስኪከፈት የሚጠብቁትም በዚሁ ርቀት ላይ ነው።

የፊቱና የኋላውም አይናቁም። በአሜሪካ ለሕዝብ በሚሰጠው የከባድ መኪና ደኅንነት ትምህርት ከመኪናው ፊት 6 ሜትር ያህል፣ ከኋላው 9 ሜትር ያህል፣ በግራ አንድ የመንገድ መስመር፣ በቀኝ ደግሞ ሁለት መስመር የሚያህል ቦታ ከሹፌሩ ዓይን እንደሚሰወር ይነገራል። እነዚህ ቁጥሮች ረጅም አፍንጫ ያላቸውን የዚያን አገር መኪናዎች ይመለከታሉ፤ እንደ አይሱዙ ያለው ጋቢናው ከሞተሩ በላይ የተቀመጠ መኪና ከፊቱ የሚሰውረው ቦታ ያንሳል፣ የቀኙ ግን እምብዛም አይሻልም።

ስፖኪዮ እያለ ይህ ሁሉ ለምን ይጋረዳል?

ስፖኪዮ የሚያሳየው ከመኪናው ጎን ወደ ኋላ እየሰፋ የሚሄድ አንድ ቁራጭ ብቻ ስለሆነ ነው። ከበሩ ሥር ያለው መሬት፣ ከፓራውልቱ (ከመኪናው የፊት መከላከያ) ፊት ያለው ቦታና ከካሶኒው ጀርባ ያለው ሁሉ ከዚያ ቁራጭ ውጭ ይቀራል። ወደ ውጭ የጎበጠ መስታወት ብዙ ቦታ ያሳያል፤ ነገር ግን ዕቃውን አሳንሶ ስለሚያሳይ ቅርብ ያለው ሩቅ ይመስላል፤ ስለዚህ በእርሱ ብቻ ርቀት መገመት አይገባም።

የአውሮፓ ኅብረት ከባድ መኪናዎች ከተለመዱት ስፖኪዮዎች ሌላ ሰፊ ማዕዘን የሚያሳይ፣ ከቀኝ በር ሥር ወደ ታች የሚያሳይና ከፊት ከፓራውልቱ ሥር የሚያሳይ መስታወት እንዲኖራቸው አስገድዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ መመሪያም ቀድሞ ተመዝግበው በሥራ ላይ የነበሩ መኪናዎች የጎን መስታወታቸውን እንዲያሟሉ ተደርጓል። እኛ ዘንድ ወደ ታች የምታሳየው ትንሿ መስታወት ተሰብራ ስትወድቅ ሳትተካ የምትቀርባቸው፣ ወይም ዋናው ስፖኪዮ በሽቦ ታስሮ በሞተሩ ንዝረት ምስሉ የሚንቀጠቀጥባቸው መኪናዎች ጥቂት አይደሉም። ከሌላው ጥገና ሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ይህ ነው የሚል ጽኑ እምነት አለኝ፤ ምክንያቱም ጎማና ፍሬን ቢያረጁ ሹፌሩ ይሰማዋል፣ የጠፋ መስታወት ግን አንድ ሰው እስኪጎዳ ድረስ ምንም ምልክት አይሰጥም።

ሲስተካከልም ሹፌሩ በሚነዳበት አቀማመጥ ተቀምጦ፣ የራሱ መኪና ጎን በመስታወቱ የውስጥ ጠርዝ ላይ በጥቂቱ ብቻ እስኪታየው፣ አድማሱም በመስታወቱ መሐል እስኪውል ድረስ ማዞር ይኖርበታል። ወንበሩን የሚጋሩ ሁለት ሹፌሮች ካሉ በተቀያየሩ ቁጥር ይህን መድገም ግድ ነው።

የራሴን መኪና ስውር ቦታ እንዴት ልለካው?

ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካንና አንድ ረዳት ይበቃሉ። መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። ረዳቱ ጀሪካኑን ከፊተኛው ፓራውልት ሥር አስቀምጦ በእርምጃ በእርምጃ ወደ ፊት ያርቀው፤ ሹፌሩ «አየሁት» ባለበት ቦታ ላይ በኖራ ወይም በአመድ ምልክት ያድርግ። ይህንኑ በቀኝ በር፣ በቀኝ የኋላ ጎማ፣ በካሶኒው ጀርባና በግራ በኩል ከደገመ በኋላ ምልክቶቹን በአንድ መስመር ያገናኛቸው። በመጨረሻ ሹፌሩ ወርዶ በመስመሩ ዙሪያ ይዙር። በመስመሩና በመኪናው መካከል ያለው መሬት ሁሉ አንድ ሕፃን ተቀምጦ ቢጫወትበት ከወንበሩ የማይታየው ነው፤ በቀኝ በኩል ያለው ስፋት ሲታይ ብዙዎችን ያስደነግጣል።

ጀሪካኑ ዝቅ ያለ ስለሆነ የተቀመጠ ሕፃንን ይወክላል። የቆመ ልጅን ለማወቅ ረዳቱ በርከክ ብሎ ያንኑ መንገድ ይድገመው። የመነሃሪያ ኃላፊዎችና የባለንብረት ማኅበራት ይህን መልመጃ ለአባሎቻቸው በዓመት አንድ ጊዜ ቢያሠሩ በቃል ከሚሰጥ ብዙ ምክር የበለጠ ይጠቅማል፤ ሹፌሩም የራሱን መኪና ስለሚለካ «የሌላው መኪና ነው እንጂ የኔ አይደለም» የሚልበት ምክንያት አይኖረውም።

የቤት መኪና፣ ሚኒባስና ባጃጅስ ከዚህ ነፃ ናቸው?

አይደሉም። በትናንሽ መኪናዎች ላይ አደገኛው የፊት መስታወቱን ግራና ቀኝ የያዘው ቋሚ ነው። መኪናው ወደ መስቀለኛ መንገድ ሲጠጋ ከጎን የሚመጣ ብስክሌተኛ በተመጣጣኝ ፍጥነት ከሄደ፣ ቋሚው ከእርሱ ጋር እኩል እየተጓዘ እስከ መጨረሻው ሊጋርደው ይችላል። መፍትሔው አንድ ነው፦ መስቀለኛው ላይ ሲደርሱ ፍጥነትን ቀንሶ ከወገብ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በመንቀሳቀስ ከቋሚው ጀርባ ያለውን ማየት።

በሚኒባሶችና በአይሱዙዎች ላይ ዕይታውን የሚያጠበው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ የጨመረው ነገር ነው። በፊት መስታወቱ ላይ ዙሪያውን የተሰፋው ዘርፍ፣ በመሐል የተንጠለጠለው ጌጥ፣ በዳሽቦርዱ ላይ የተደረደረው የላስቲክ አበባ፣ ከላይ እስከ ግማሽ የወረደው ተለጣፊ ጽሑፍ እያንዳንዱ አንድ ሰው የሚሸፍን ቦታ ይወስዳል። ሥዕለ አድኖና መስቀል በመኪና ውስጥ ማድረግ የእምነት ጉዳይ ነው፣ ማንም ሊነቅፈው አይገባም፤ ሆኖም ክብሩ ሳይጓደል ከሹፌሩ ዕይታ በላይ፣ በጋቢናው ጣሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

በባጃጅ ላይ ደግሞ ችግሩ በክረምት ይብሳል። ዝናብ ለመከላከል በጎንና በጎን የሚወርደው ሸራ ወይም ላስቲክ የጎኑን ዕይታ ይዘጋል፣ ስፖኪዮዎቹም ትናንሽ ናቸው። ባጃጅ ተሳፋሪ ለማንሳት ድንገት ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ተሽከርካሪ በመሆኑ፣ ሹፌሩ ፍሬቻ ከማሳየቱ በተጨማሪ ራሱን ዘወር አድርጎ ሳያይ መታጠፍ የለበትም።

ብስክሌት የምነዳ ነኝ፤ ከጭነት መኪና ጋር ስገናኝ ምን ላድርግ?

ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ በመሆኗ ተማሪውም ሠራተኛውም ብስክሌት ይነዳል፤ ስለዚህ ይህ ጥያቄ ለከተማዋ ነዋሪ ከሁሉም ይበልጥ አስፈላጊ ነው። ዋናው ነገር መስቀለኛ መንገድ ላይ ከቆመ ወይም ዝግ እያለ ከሚሄድ ከባድ መኪና በቀኝ በኩል ፈጽሞ አለማለፍ ነው። በመኪናውና በመንገዱ ጠርዝ መካከል ያለው ክፍተት ለብስክሌት የተተወ መስሎ ይታያል፤ መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ግን ክፍተቱ ይዘጋል።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት የኋላ ጎማ የፊተኛውን ጎማ ፈለግ ስለማይከተል ነው። ረጅም መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው ማዕዘኑን ቆርጦ ወደ ውስጥ ይገባል፤ መኪናው በረዘመ መጠን፣ በተለይም ተሳቢ ካለው፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ርቀት ይጨምራል። ይህንን የሚያውቅ ሹፌር ወደ ቀኝ ከመታጠፉ በፊት መኪናውን መጀመሪያ ወደ ግራ ያሰፋዋል። ከኋላ ያለው ብስክሌተኛ መኪናው ወደ ግራ የሚሄድ ወይም መንገድ የሚለቅለት ይመስለውና ወደ ቀኙ ክፍተት ይገባል። ጋቢናው ካለፈው በኋላ ደኅና ነኝ ብሎ ሲያስብ የሚመታው የኋላ ጎማው ነው፤ ሹፌሩም በዚያች ቅጽበት ዓይኑ ወደሚታጠፍበት መንገድ ስለሆነ ስፖኪዮው ቢያሳየው እንኳ ላያየው ይችላል።

ስለዚህ ከመኪናው ኋላ፣ ቢያንስ የአንድ የቤት መኪና ርዝመት ያህል ርቆ፣ ሹፌሩ በግራ ስፖኪዮ ሊያይዎት በሚችልበት ቦታ ላይ ይቁሙ። መኪናው አጠገብዎ መጥቶ ከቆመ ደግሞ ከብስክሌትዎ ወርደው ወደ እግረኛው መንገድ ይውጡ፤ የሚያጠፉት ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ዳገት ላይ የካሶኒ ጠርዝ ይዞ መጎተትም ልጆች እንደ ጨዋታ የሚያዩት ነገር ነው፤ ሹፌሩ ከኋላው ሰው እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለ ወላጆች ሊያስጥሏቸው ይገባል።

በ2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መንገድ አለው። እንዲህ ያለው መለያየት ከሁሉ የተሻለ ጥበቃ ነው፤ ነገር ግን የተለየው መንገድ በሚያልቅበትና ከመኪናው መንገድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ብስክሌተኛው ለሹፌሩ አዲስ ሰው ሆኖ ስለሚታይ ጥንቃቄው እዚያ ላይ መጨመር አለበት።

ከቆመ መኪና የሚከፈት በርስ?

ከቆመ መኪና አጠገብ ሲያልፉ በሩ ሲከፈት የማይደርስበትን ያህል፣ ማለትም አንድ ሜትር ከዚያም በላይ ይራቁ። በመኪናው ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ በሩን ከበሩ በሚርቀው እጁ ይክፈት፤ ሹፌሩ በቀኝ እጁ የግራውን በር ሲከፍት ትከሻው ስለሚዞር ዓይኑ ወደ ኋላ ይመለከታል።

ሹፌሩ እንዳየኝ በምን አውቃለሁ?

የሹፌሩን ፊት በመስታወቱ ወይም በስፖኪዮው ካላዩ እርሱም እርስዎን አያይም ብለው ይውሰዱት። ፊቱን ካዩም ገና አልተረጋገጠም፤ ሹፌሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያሰበ ሊሆን ይችላል። በዓይን ተገናኝታችሁ እጁን ካነሳልዎ ወይም መኪናውን አቁሞ ከጠበቀዎት ያኔ ይለፉ። በደብረ ማርቆስም ሆነ በእንጅባራ ገበያ አንድ አረጋዊ ከዘራቸውን ከፍ አድርገው ሹፌሩ እስኪቆም ሲጠብቁ ማየት የተለመደ ነው፤ ይህ ትክክለኛ ልማድ በመሆኑ ወጣቶችም ሊይዙት ይገባል። ሹፌሮችም ለእንዲህ ያሉ አባትና እናት ክላክስ እያስጮሁ ማስቸኮል የለባቸውም፣ የደነገጠ ሰው ወደ የት እንደሚሮጥ አይታወቅምና።

ከሚኒባስ ስወርድ በፊቱ ልሻገር ወይስ በኋላው?

በሁለቱም አይሻገሩ። መኪናው እስኪሄድ ይጠብቁ። የቆመው ሚኒባስ እርስዎን ከሚመጣው መኪና፣ የሚመጣውን መኪናም ከእርስዎ ስለሚጋርድ፣ ከጎኑ ብቅ ባሉ ጊዜ ለሁለታችሁም ጊዜ አይተርፍም። በዜብራ ላይም ተመሳሳይ አደጋ አለ፦ የመጀመሪያው መኪና ቆሞ ያሳልፍዎታል፣ ከጎኑ ያለው ግን ለምን እንደቆመ ሳያውቅ ቀድሞት ያልፋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ላይ ቆም ብለው ይዩ። ሹፌርም በዜብራ ፊት የቆመን መኪና መቅደም ሰው መግጨትን እንደ መምረጥ ሊቆጥረው ይገባል።

ወደ ኋላ በሚነዳ መኪና የሚደርሰውን አደጋ እንዴት መከላከል ይቻላል?

በገበያ ቀን እህል የሚያራግፍ አይሱዙ፣ በግንባታ ቦታ አሸዋ የሚገለብጥ ሲኖትራክ፣ በግቢ ውስጥ የሚወጣ የቤት መኪና ሁሉ ወደ ኋላ ሲሄዱ ሹፌሩ የማያየው ቦታ ውስጥ እየገቡ ነው። በዚህ ሥራ የሹፌሩ ዓይን ረዳቱ ነው፤ በብዙ ቦታ ረዳቱ የሚቆመው ግን ራሱ ሊመታ በሚችልበት ከካሶኒው ጀርባ መሐል ላይ ሆኖ ነው። ትክክለኛው ቦታ ከመኪናው በግራ ወደ ኋላ፣ ሹፌሩ በግራ ስፖኪዮው ሁልጊዜ በሚያየው ርቀት ላይ ነው። «ና፣ ና፣ ቁረጥ፣ መልስ» የሚለው ጥሪ በሞተር ድምፅና በገበያ ጫጫታ መካከል ስለሚጠፋ የእጅ ምልክት አብሮት ይሁን፤ ሹፌሩም ረዳቱ ከስፖኪዮው ከጠፋበት ያለ ምንም ጥያቄ ይቁም። ረዳቱ ሲጠፋ «ቅድም ባዶ ነበር» ብሎ መቀጠል ብዙ ቤት ያጠፋ ስሕተት ነው።

ብቻውን የሚነዳ ሰው ወደ ኋላ ከመንዳቱ በፊት ወርዶ በመኪናው ዙሪያ ይዙር፣ ወዲያው ገብቶም ይንቀሳቀስ፤ በመካከሉ ስልክ ካነሳ ደግሞ እንደገና ይዙር። በግቢ ውስጥ ልጆች ካሉ አንድ አዋቂ በእጃቸው ይዞ በር ላይ ይቁም።

ጭነትስ ዕይታን ይጋርዳል?

አዎን። ከአዊ አካባቢ የሚጫነው ከሰል፣ የባሕር ዛፍ አጣናና ጭድ ከካሶኒው ወጥቶ በጎን ሲያብጥ ስፖኪዮው የሚያሳየው ጭነቱን ብቻ ይሆናል። ተጭኖ ካለቀ በኋላ ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በሁለቱም ስፖኪዮዎች የኋላ ጎማዎቹን ማየቱን ሳያረጋግጥ መነሳት የለበትም።

በሌሊትና በጉም ጊዜ እግረኛ ምን ያድርግ?

በደጋው ብርድ የሚደረበው ጥቁር አረንጓዴ ብርድ ልብስ በመብራት ፊት ከአስፋልቱና ከሣሩ ጋር ስለሚመሳሰል ሹፌሩ የለበሰውን ሰው የሚያየው በጣም ከቀረበ በኋላ ነው። ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ ከላይ መደረብ ከሩቅ ያሳያል፤ የእጅ ባትሪም ወደ መሬት ተደርጎ ቢበራ ይረዳል። የእግረኛ መንገድ በሌለበት አስፋልት ላይ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያዩ በግራ ዳር መሄድ ከጀርባ ከሚመጣ መኪና ይጠብቃል። ከብት የሚነዱ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ይምራ። በክረምት ማለዳ ጉም በሚወርድበት ደጋ ላይ ሹፌሩ በሚያየው ርቀት ውስጥ ሊያቆም በሚችልበት ፍጥነት ብቻ ሊነዳ ይገባል።

በዓባይ በረሃ ኩርባዎች ላይ የተለየ ጥንቃቄ አለ?

ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለትና ዳገት ላይ ኩርባው ራሱ ከፊት ያለውን ይሰውራል። ተሳቢ ያለው መኪና ጠባብ ኩርባ ላይ ሲዞር የሌላውን መስመር ስለሚነካ፣ ከታች የሚመጣው ከኩርባው በፊት ዝግ ብሎ፣ አስፈላጊም ሲሆን ቆሞ ሊያሳልፈው ይገባል። ከቦቴ ወይም ከተሳቢ ጀርባ ተጠግቶ መንዳት በሁለት መንገድ ይጎዳል፦ ከፊት የሚመጣውን አያዩም፣ የፊተኛው ሹፌርም መኖርዎን አያውቅም። ሁለቱም ስፖኪዮዎቹ እስኪታዩዎት ድረስ ወደ ኋላ ይቅሩ።

ዝግ ብሎ መንዳት ከስውር ቦታ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል፣ በ40 ኪሎ ሜትር የሚነዳው ደግሞ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። አንድ ሰው ከተሰወረበት ብቅ ሲል ሹፌሩ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርግ የሚያልፈው ርቀት ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመኪና ፊት የተመታ እግረኛ የመሞት ዕድሉ ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲያድግ 4.5 እጥፍ ይጨምራል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ፣ ከእነርሱም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች እንደሆኑ ገልጿል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባሉት ላይ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው።

ካሜራና የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ችግሩን ይፈታዋል?

ይረዳል፤ የሹፌሩን ራስ ማዞር ግን አይተካም። ለንደን ከተማ ከባድ መኪናዎችን ከወንበሩ በቀጥታ በሚታየው ስፋት እየመዘነች፣ ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸውን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ያለ ተጨማሪ የደኅንነት መሣሪያ እንዳይገቡ አድርጋለች፣ በ2024ም መመዘኛውን አጥብቃለች። የዚህ አሠራር ቁም ነገሩ በመስታወትና በካሜራ ከሚታየው ይልቅ በቀጥታ በዓይን ለሚታየው ቅድሚያ መስጠቱ ነው። እኛ ዘንድ የኋላ ካሜራ ለሚገጥሙ የምመክረው፣ የካሜራውን መስታወት በየማለዳው ጭቃውን እንዲጠርጉና ሳይወርዱ የሚነሱበት ምክንያት እንዳያደርጉት ነው።

ሹፌሩ በእርግጥ ካላየ ጥፋቱ የማን ነው?

የእያንዳንዱን አደጋ ጥፋት የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ነገር ግን ሊታወቅ ይችል የነበረን አደጋ አለማወቅ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቸልተኝነት ሊባል ስለሚችል «አላየሁም» ማለት ብቻውን ነፃ አያወጣም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። የሕጉ መንፈስ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። እግረኛው የአይሱዙን ስውር ቦታ እንዲለካ ሊጠየቅ አይችልም፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ግን ሊለካው ይችላል።

አንድ ነገር እንደነካሁ ከተሰማኝ ምን ላድርግ?

ባሉበት ይቁሙ፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይንቀሳቀሱ። ሞተሩን አጥፍተው፣ የእጅ ፍሬኑን ይዘው ወርደው ከመኪናው ሥር ይመልከቱ። በጎማ ሥር የነበረ ሰው ሁለተኛ ጊዜ የሚጎዳው ሹፌሩ ደንግጦ መኪናውን ሲመልሰው ነው። ሰው ተጎድቶ ከሆነ ከሥሩ በችኮላ አይጎትቱት፤ የሚፈስ ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ ተጭነው ይያዙ፣ አንገቱና ጀርባው እንዳይታጠፍ አድርገው አምቡላንስ ያስጠሩ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥሪያ ቁጥር 907 ነው። ከኋላ የሚመጡ መኪናዎችን ከሩቅ የሚያስቆም ሰው ይላኩ።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል፤ ተጎጂውም ድንገተኛ የሕክምና እርዳታ የማግኘት መብት አለው። የገጨው መኪና ካመለጠ ወይም መድን ከሌለው የተጎጂው ቤተሰብ ለዚሁ በተቋቋመው የመድን ፈንድ በኩል ካሣ መጠየቅ ስለሚችል፣ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱና የሐኪም ማስረጃው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቤተሰቡ እጅ ሊቀመጥ ይገባል።